«ይቆያል ወይ?» ስለ አረንጓዴ ሻይ ሽቶ

(ይህ ሽቶ የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት አንድ ምሽት የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎችም የተወሰኑትን አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ሽቶ ሱቅ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደንበኛ ይገባል፣ አንድ ጠርሙስ ያነሳል፣ እጁ ላይ ይረጫል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ይቆያል?» ይላል። ወደድኩት ወይም አልወደድኩትም እንኳ ሳይል። እኔም ለዓመታት ስሰማው የኖርኩት ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ይገባኛል። ሰው ብሩን አውጥቶ ሲገዛ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንዲጠፋበት አይፈልግም። ግን ይህ ጥያቄ ክፉኛ የሚበድለው አንድ የሽቶ ዓይነት አለ፣ ዛሬ የማወራውም ስለ እሱ ነው፦ ቀለል ያለ፣ ንጹህ፣ በየቀኑ የሚደረግ የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ። ሰው ሲረጨው ፊቱ ይፈታል። «ውይ ደስ ሲል!» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ግን አይቆይም አይደል?» ብሎ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። እኔን ይህ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም የወደደውን ነገር ነው የመለሰው።

እስቲ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው) የነበሩት ታዋቂ ሽቶዎች ኃይለኛ ነበሩ። ጆርጂዮ ቤቨርሊ ሂልስ በ1981 ወጣ፣ የዲዮር «ፑዋዞን» ደግሞ በ1985። ሴትየዋ ከመግባቷ በፊት ሽቶዋ ይገባል፣ ከወጣች በኋላም እዚያው ይቀራል። አንዳንድ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች እነዚህን የተቀቡ ሰዎችን አናስገባም ብለው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ሰው ምግቡን ማሽተት አቃተው።

በዚያ ጊዜ ዣን ክሎድ ኤሌና የሚባል ፈረንሳዊ ሽቶ ቀማሚ ነበር። የተወለደው የሽቶ ከተማ በምትባለው በግራስ ነው። ፓሪስ ውስጥ ማሪያዥ ፍሬር የሚባል በ1854 የተመሠረተ የሻይ ቤት አለ፣ ከየአገሩ የመጣ ሻይ በቆርቆሮ በቆርቆሮ የተደረደረበት። ኤሌና እዚያ ሄዶ ቆርቆሮዎቹን እየከፈተ ያሸት ነበር። የሻይን ሽታ ሽቶ ማድረግ ፈለገ። ሐሳቡን ለትልልቅ የሽቶ ኩባንያዎች አቀረበ፣ አልተቀበሉትም። ያ ሁሉ ኃይለኛ ሽቶ በሚሸጥበት ዘመን የሻይ ቅጠል ማን ይገዛል? በመጨረሻ የተቀበለው የጣሊያኑ የጌጣጌጥ ቤት ቡልጋሪ ነው። ቡልጋሪ ያኔ ከሽቶ ንግድ ውስጥ አልነበረም፣ የፈለገው በራሱ የጌጣጌጥ ሱቆች ለደንበኞቹ የሚሆን አንድ ሽቶ ነበር። ለብዙ ሕዝብ መሸጥ ስላላስጨነቀው ሊደፍር ቻለ። በ1992 «ኦ ፓርፉሜ ኦ ቴ ቬር» ወጣ። ከዚያ በኋላ ከሆቴል ሳሙና እስከ ሻማ ድረስ «ግሪን ቲ» ተብሎ የሚሸጠው ሽታ ሁሉ፣ ወይ ከዚህ የተወለደ ወይ የዚህ ዘመድ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ያ ሽቶ ሻይ የሚሸተው ሻይ ተጨምቆ ስለገባበት አይደለም። ኤሌና የሻይን ስሜት የሠራው በዋናነት በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ሄዲዮን ይባላል፣ ፊርሜኒሽ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ያገኘው፣ በጃስሚን ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ጋር የሚቀራረብ ቅመም ነው። ለብቻው ስታሸቱት «እና የታለ?» ትላላችሁ፣ በጣም ስስ ነው፤ ሌላ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ለሽቶው አየር ይሰጠዋል። ኤድሞን ሩድኒትስካ በ1966 ለዲዮር በሠራው «ኦ ሶቫዥ» ውስጥ ተጠቅሞበት ነው ዝነኛ የሆነው። ሁለተኛው አዮኖን ነው፣ ከ1893 ጀምሮ በላብራቶሪ የሚሠራ፣ የቫዮሌት አበባ ሽታ ያለው። የሚገርመው የዚህ የአዮኖን አንዱ ዓይነት በእውነተኛው ሻይ ቅጠል ውስጥም አለ። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲዘጋጅ የቅጠሉ ቀለም ሰጪዎች እየተሰባበሩ ይፈጠራል። እንግዲህ ሁለቱን በልክ ስታገናኟቸው አእምሯችሁ «ሻይ!» ይላል። ቤርጋሞት የሚባል የሎሚ ዘመድ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ይሆናል፣ ምክንያቱም ኧርል ግሬይ የሚባለው ሻይ የሚሸተው ቤርጋሞት ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም። ኤሌና ረጅም የቅመም ዝርዝር የማይወድ ሰው ነው። ጥቂት ነገር መርጦ እያንዳንዱ እንዲሰማ ያደርጋል። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ውስጥ ጉድለት መደበቅ ይቻላል፣ ጥቂት ነገር ውስጥ ግን መደበቂያ የለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ነገር መባል አለበት። እኛ «የሻይ ሽታ» ሲባል የሚመጣብን ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል የገባበት የሚያሞቅ ጥቁር ሻይ ነው። ከውሽውሽም ይምጣ ከጉማሮ፣ ድስት ውስጥ ቅመም ካልገባበት ሻይ የማይመስላቸው ቤቶች አሉ። የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ እንደዚያ አይሸትም። አረንጓዴ ሻይ ከዚያው ተክል ነው የሚመጣው፣ ግን ቅጠሉ እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ብረት ላይ እንዲሞቅ ተደርጎ እንዳይጠቁር ይደረጋል። ጃፓኖች በእንፋሎት፣ ቻይናዎች በብዛት በምጣድ። ስለዚህ የቅጠሉ እርጥብ ሽታ አይጠፋም። ያንን ያልጠበቀ ሰው ሽቶውን አሽትቶ «ይሄ ሻይ አይሸትም» ይላል። አዎ፣ የእማማን ሻይ አይሸትም።

ወደ ሁለተኛው የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ እንሂድ፣ ምናልባት ብዙዎቻችሁ የምታውቁት። የኤልዛቤት አርደን «ግሪን ቲ»። በ1999 ነው የወጣው። የሠራው ፍራንሲስ ኩርክጂያን ነው። ይህን ስም የት ነው የሰማሁት የምትሉ፣ «ባካራ ሩዥ 540» የሱ ነው፣ በ2015 በራሱ ቤት ስም ያወጣው። ዛሬ ቦሌም ሂዱ መርካቶ፣ ከዱባይ ከሚመጡት ሽቶዎች ውስጥ ስንቱ የዚያ ቅጂ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ጃኬት ላይ ሰንብቶ የሚገኝ ሽቶ ነው። እንግዲህ ያንን ኃይለኛ ሽቶ የሠራው እጅ ነው ይህንን ስስ ሽቶ የሠራው። እንዲቆይ ማድረግ ስላልቻለ አይደለም ቶሎ የሚሄደው። ልኩ እንደዚያ እንዲሆን ተፈልጎ ነው።

ስትረጩት መጀመሪያ ሎሚና ቤርጋሞት ይመጣሉ፣ ጭማቂ እንጂ ከረሜላ አይደሉም፣ ስኳር የለባቸውም። ከጎናቸው ናና አለ፣ ግን የጥርስ ሳሙና አያስታውስም። ሩባርብ የሚባል ኮምጣጣ የአውሮፓ ተክል ትንሽ ጎምዘዝ ያደርገዋል፣ ምራቅ የሚያመጣው ነገር እሱ ነው። ቀጥሎ ሻዩ፣ ከሻዩ ጋር ጃስሚንና ትንሽ እንስላል። ቅርንፉድም አለበት፣ በጣም ጥቂት፣ እኔ ሳሸተው ሁሌ እፈልገዋለሁ። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ የሚቀረው ሙስክ የሚባለው ስስ የሽቶ ቅመም ነው፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ልብስ የሚመስል። ከዚህ በኋላ የወጡት ወንድሞቹና እህቶቹ ብዙ ናቸው፦ ሎተስ፣ ቼሪ ብሎሰም፣ ዩዙ፣ ፊግ... አንዳንዶቹ ደስ ይላሉ። እኔ ግን ዋናውን ነው የምመክረው። ከትልልቆቹ የዲዛይነር ሽቶዎች ጋር ሲወዳደር ዋጋውም በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ይህም ለየቀን ሽቶ ትልቅ ነገር ነው። ሰው እየሳሳ የሚረጨው ሽቶ የየቀን ሽቶ አይሆንም።

አሁን ወደ «ይቆያል ወይ» እንመለስ።

ለምንድነው የማይቆየው? ሎሚ፣ ቤርጋሞት፣ ናና፣ እነዚህ ሁሉ ከትንንሽና ቀላል ሞለኪውሎች የተሠሩ ናቸው። ወዲያው ወደ አፍንጫችን የሚደርሱት በቀላሉ ስለሚበሩ ነው። የሚጠፉትም በዚያው ምክንያት ነው። የሎሚውን ብርሃን ወድዶ ከሰዓት በኋላም እዚያው እንዲጠብቀኝ ማለት አይቻልም፣ ብርሃኑ መብረሩ ራሱ ነው። ዑድ፣ አምበር፣ ቫኒላ ግን ከባዶች ናቸው፣ ቀስ እያሉ ነው የሚነሱት፣ ስለዚህ ይከርማሉ።

እኛ ደግሞ ከባዱን የለመድን ሕዝብ ነን። ዕጣን፣ ከርቤ፣ ሰንደል፣ ወይባ፣ የእኛ መዓዛ በአብዛኛው የጭስ መዓዛ ነው። ጭስ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ወይባ የሞቀች ሴት ቆዳዋ ለቀናት ይናገራል። ዝባድን አስቡ። አገራችን ለፈረንሳይ ሽቶ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ስትልክ የኖረችው ዝባድ፣ ሌላውን ሽታ ይዞ የሚያቆይ፣ እጅግ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ «ጥሩ መዓዛ ማለት የማይለቅ መዓዛ ነው» የሚለው ስሜት ከየት እንደመጣብን ይገባኛል፣ አከብረዋለሁም። ሠርግ ስሄድ እኔም ከባዱን ነው የማደርገው።

ግን ሌላም መዓዛ አለን፣ እሱን እንረሳዋለን። ለእንቁጣጣሽ ቤት ውስጥ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ያ እርጥብ ሽታ ይቀበላችኋል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ሲረገጥ ደግሞ እንደገና ይሸታል። በማግስቱ ይደርቃል። «ቄጤማው አልቆየም» ብሎ ያማረረ ሰው እስካሁን አላየሁም። አሪቲም፣ ጠጅ ሳርም፣ ሲኒ ውስጥ የምትገባዋ ጤና አዳምም እንደዚያው ናቸው፣ ለዚያች ሰዓት ነው የምንወዳቸው። ደግሞ ይህ እንዲሁ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሣርና ቅጠል ሲቆረጥ የሚሸተው አንድ የታወቀ ንጥረ ነገር አለ፣ የቅጠል አልኮል ይሉታል፣ አረንጓዴ ሻይ ውስጥም ያው አለ። ቄጤማ ወድዶ የአረንጓዴ ሻይ ሽቶን «ለእኔ አይሆንም» የሚል ሐበሻ ቢያንስ አንዴ ደግሞ ያሽተው እላለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጊዜ «ጠፋ» የምንለው ሽቶ አልጠፋም። አፍንጫችን ለምዶት ነው። አንድ ሽታ ሳያቋርጥ ከመጣ አእምሮ መቁጠር ያቆማል፣ የራሳችሁን ቤት ሽታ የማታሸቱት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ሰዎች የተወሰኑ ሙስኮችን ከነጭራሹ ማሽተት አይችሉም፣ ተፈጥሯቸው ነው። ስለዚህ «ጠፋብኝ» ብላችሁ ሌላ አምስት ጊዜ ከመርጨታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።

የት ነው የሚደረገው? እኔ ስለ ሰው ቅርበት ነው የማስበው። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ሆነን፣ መስኮቱ «ብርድ ነው» ተብሎ ተዘግቶ እንሄዳለን። ያ ቦታ የዑድ ቦታ አይደለም። ነፍሰ ጡር ልትኖር ትችላለች፣ ሽታ ራስ ምታት የሚያስነሳበት ሰው ሊኖር ይችላል፣ ምንም ሳይበላ የወጣ ጿሚ አለ። ቢሮም እንደዚያው፣ በተለይ ክፍል የምትጋሩ ከሆነ። የታመመ ሰው ልትጠይቁ ሆስፒታል ስትሄዱ ግን ይህንንም ቢሆን ባታደርጉት ይሻላል፣ ምንም አለማድረግ ነው ትክክሉ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ወገኖች ብዙ ጊዜ «እዚህ ቀላል ሽቶ ማን ይሰማዋል» ትሉኛላችሁ። ደጅ ላይ እውነት ነው፣ በዚያ ሙቀት ወዲያው ይተናል። ግን ቀኑን የምታሳልፉት ኤሲ ያለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ እዚያ ስስ ሽቶ ጥሩ አድርጎ ይሰማል።

አደራረጉን በፍጥነት ልበል፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ቆዳን ያደርቃል። ገላችሁን እንደታጠባችሁ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቡ፣ ቫዝሊንም ይሆናል፣ ከዚያ በላዩ እርጩ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። የእጅ አንጓችሁን እርስ በርስ አትሹት፣ በራሱ ይድረቅ። ልብስ ላይ ከቆዳ የበለጠ ይቆያል፣ በተለይ ጥጥ ላይ። ነጠላ ላይ ወይም ነጭ ሸሚዝ ላይ ከሆነ ግን ከራቅ ብላችሁ፣ መጀመሪያ የማይታይ ጠርዝ ላይ ሞክራችሁ፣ ምክንያቱም ቀለም ያለው ሽቶ ነጭ ልብስ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ትንሽ መርጫ ጠርሙስ ሙሉና ቦርሳ ውስጥ ያዙ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ድገሙ። እንደገና መርጨት ምንም ነውር የለውም። እንዲያውም የዚህ ሽቶ ትልቁ ደስታ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው፣ በቀን ሁለቴ ብታገኟቸው ምን ትጎዳላችሁ?

ፀሐይን በተመለከተ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የቤርጋሞት ዘይት ውስጥ ቤርጋፕተን የሚባል ነገር አለ፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። የታወቁ አምራቾች ዛሬ ያንን ከዘይቱ አውጥተው ወይም በጣም ቀንሰው ነው የሚጠቀሙት። ምንነቱ የማይታወቅ ርካሽ ቅጂ ውስጥ ግን ምን እንደገባ ማን ያውቃል? የእኛ ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ቀን ደጅ የምትውሉ ከሆነ አንገት ላይ አትርጩ፣ ልብስ ላይ አድርጉት። ጠርሙሱን ደግሞ መኪና ውስጥና መስኮት ላይ አታስቀምጡ፣ ሙቀትና ብርሃን መጀመሪያ የሚያበላሹት ሎሚውን ነው። በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። የተወሰኑትን ላስቀምጥ።

አንድ ወጣት «ለወንድ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ይሆናል። የቡልጋሪው ለሁለቱም ተብሎ የተሠራ ነው። የአርደኑ የሚሸጠው በሴቶች መደርደሪያ ነው፣ ግን ሎሚ፣ ናና፣ ሻይ፣ ሙስክ፣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የሴት? ካልቪን ክላይን በ1994 «ሲ ኬ ዋን»ን ሲያወጣ አረንጓዴ ሻይ ከሽታዎቹ አንዱ ነበር፣ ለወንድም ለሴትም ብሎ ሸጠው፣ ዓለም በሙሉ ተቀባው። ሳታመነታ አድርግ ወንድሜ።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሽቶ ግዙልኝ ትላለች፣ ምን ልግዛላት?» አሉ። እማማ፣ ይኸው የነገርኳችሁን። ለትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም፣ አስተማሪም ጓደኛም አይረብሽም። ቆዳዋ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ክንዷ ላይ ጥቂት አድርገው አንድ ቀን ይጠብቁ፣ ሎሚ ነክ ሽቶ አንዳንድ ቆዳ ያሳክካል።

የመጨረሻው ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነበር፦ «ኦሪጅናሉን ከፌኩ በምን እንለይ?» በሽታው ብቻ መለየት ከባድ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ቅጂ ሎሚውን ያመጣዋል፣ ሎሚ ርካሽ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሻዩና ስሱ ሙስክ መምጣት ሲገባቸው አልኮል ወይም የወለል ማጽጃ የሚመስል ነገር ከቀረ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ ሳጥኑን ገልብጡ፣ ከታች የታተመ ወይም የተቀረጸ ኮድ አለ፣ የምርት ቁጥሩ ነው። ያው ኮድ ጠርሙሱ ላይም መኖር አለበት፣ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ወይም አንዱ ላይ ከሌለ አትግዙ። ኮዱ ስለተመሳሰለ ብቻም እርግጠኛ አትሁኑ፣ ጎበዝ አስመሳይ እሱንም ያትመዋል፤ የሳጥኑን ሕትመት፣ የክዳኑን አገጣጠም፣ ከመርጫው የሚወጣውን ጭጋግ እዩ፣ የደህናው ስስና እኩል ነው፣ ጠብታ አይተፋም። ሻጩ እነዚህን እስክታዩ መታገሥ ካልፈለገ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።